ጡት ማጎጥጎጥ «መድረስ» አይደለም፦ ልጆች ቀድመው ሲጎረምሱ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እናትና አያት አንዲት ልጅ መሐል አድርገው ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። የመጡት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው። ልጅቱ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። የተናገሩት አያትየዋ ናቸው። «ልጄ፣ ይቺን ሕፃን እስቲ እያት። ጡቷ አጎጠጎጠ። ጎረቤቱ ሁሉ ይጠቋቆምብናል። ምን ነክቷት ነው?»

«እማማ፣ መጀመሪያ ዕድሜዋን እንወቅ» አልኳቸው። እናትየዋ «ሰባት ዓመቷ ነው» አለች። አያት ጥቂት አሰቡና «የለም፣ ከአክስቷ ልጅ ጋር በአንድ ክረምት ነው የተወለዱት፤ እሱ ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ገብቷል» አሉ። የክትባት ካርዷ ቤት ሣጥን ውስጥ ነበርና በሚቀጥለው የገበያ ቀን ይዘውት መጡ። ስናሰላው ልጅቱ 8 ዓመት ከ9 ወር ሆኗታል። ቁመቷንና ክብደቷን ለካሁ፣ መረመርኳት፤ ጤነኛ ናት። ጉርምስናዋ የመጣው ቀድሞ ሳይሆን በጊዜው ነው።

ይህንኑ ስነግራቸው አያትየዋ እፎይ አሉ። ከዚያም ፈገግ ብለው «እንግዲያማ ደርሳለች በለኛ!» አሉ።

የቤተሰቡ ማንነት እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ። ነገሩ ግን የአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። በእኛ አካባቢ ቀድሞ ስለሚመጣ ጉርምስና ሁለት ጥያቄዎች ይመጣሉ። አንደኛው «ልጄ ታማ ይሆን?» የሚለው ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ጮክ ተብሎ አይነገርም፤ «ደርሳለች ማለት ነው?» የሚለው ነው። ለመጀመሪያው መልሱ ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ ምርመራም ይጠይቃል። ለሁለተኛው ግን መልሱ ለሁሉም አንድ ነው፤ አልደረሰችም። ሁለቱንም በየተራ እንያቸው።

ጉርምስና «ቀድሞ መጣ» የሚባለው መቼ ነው?

ጉርምስና የሚጀምረው ከአንጎል ነው። በአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ የሚባለው ክፍል ለዓመታት ተኝቶ የቆየውን ትእዛዝ መላክ ይጀምራል። ትእዛዙን የአተር ፍሬ የምታክለው ፒቱታሪ የተባለች እጢ ትቀበላለች፤ እሷም በሴቶች እንቁልጢን (ኦቫሪን)፣ በወንዶች የዘር ፍሬን ታነቃለች። ከዚያ በኋላ የምናየው ለውጥ ሁሉ፣ ማለትም የጡት መውጣት፣ የቁመት መመዘዝ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የወር አበባ፣ የዚያ ትእዛዝ ውጤት ነው።

በሴት ልጅ የመጀመሪያው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ የጡት ማጎጥጎጥ ነው። በአንድ በኩል ብቻ ሊጀምርና ሲነኩት ሊያምም ይችላል፤ ይህ ብቻውን አያስደነግጥም። የመጀመሪያው የወር አበባ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ከ2 እስከ 3 ዓመት በኋላ ነው። በወንድ ልጅ የመጀመሪያው ምልክት የዘር ፍሬ መተለቅ ስለሆነ ቤተሰብ ቶሎ አያስተውለውም።

ሐኪሞች የምንጠቀምበት መስመር ይህ ነው፦

• ሴት ልጅ 8 ዓመት ሳይሞላት ጡቷ መውጣት ከጀመረ፣
• ወንድ ልጅ 9 ዓመት ሳይሞላው የዘር ፍሬው መተለቅ ከጀመረ ጉርምስናው ቀድሞ መጥቷል እንላለንና ምርመራ ያስፈልጋል።

በተቃራኒው ሴት ልጅ 13 ዓመት ሞልቷት ጡቷ ካልወጣ፣ ወይም 15 ሞልቷት የወር አበባ ካላየች፣ ወንድ ልጅም 14 ሞልቶት ምንም ለውጥ ካልታየበት ጉርምስናው ዘግይቷል ማለት ነው። ይህም ምርመራ ይፈልጋል።

ጉርምስና የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ለውጦችም አሉ። ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሴት ሕፃናት ጡት ትንሽ አብጦ ለወራት ሊቆይና በራሱ ሊጠፋ ይችላል። ወፈር ባለች ልጅ ደረት ላይ የሚታየው አንዳንዴ ጡት ሳይሆን ስብ ነው፤ ሐኪም በእጅ ዳሶ ይለየዋል። እንዲሁም ጡት ሳይወጣ የብብት ሽታና ጥቂት ፀጉር ብቻ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ይህ ከኩላሊት በላይ ካለችው እጢ የሚመጣ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ አንድ ጊዜ መታየቱ ግን ጥሩ ነው።

እውነት የዛሬ ልጆች ከድሮው ቀድመው እየጎረመሱ ነው?

አዎ፣ በዓለም ደረጃ ዕድሜው ወርዷል። በአውሮፓ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሴቶች የመጀመሪያ የወር አበባቸውን የሚያዩት በ16 እና በ17 ዓመት ገደማ ነበር። ከ100 ዓመት በኋላ ወደ 13 ወረደ። ዋናው ምክንያት የምግብና የጤና መሻሻል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ማርሻ ኸርማን ጊደንስና ባልደረቦቿ ከ17,000 በላይ ሴት ልጆች ታይተውበት ያወጡት ጥናት ጡት መውጣት የሚጀምረው የሕክምና መጻሕፍት ከሚሉት ቀድሞ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመና የብዙ አገሮችን ጥናቶች ያጠቃለለ ሥራ ደግሞ ከ1977 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ጡት የሚወጣበት ዕድሜ በየ10 ዓመቱ በ3 ወር ገደማ እንደቀነሰ አመለከተ።

በእኛ አገርስ? እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ በሰሜን ጎንደር በዳባትና በቆላ ድባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት የመጀመሪያው የወር አበባ መካከለኛ ዕድሜ 14.8 ዓመት መሆኑን አግኝቷል። በጅማ ዞን የተደረገ ሌላ ጥናት የምግብ ዋስትና በሌላቸው ቤተሰቦች ያሉ ልጃገረዶች የወር አበባቸውን የሚያዩት አንድ ዓመት ያህል ዘግይተው መሆኑን አሳይቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ፤ ይህ የረጅም ጊዜ የምግብ እጥረት ምልክት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች አንድ ላይ ስናያቸው የጎጃም ደጋ ሥዕል ከአሜሪካው ይለያል። በእኛ ገጠር የብዙ ልጆች ችግር እስካሁንም መዘግየት እንጂ መቅደም አይደለም። የዛሬዋ የደብረ ማርቆስ ልጅ ከአያቷ አንድና ሁለት ዓመት ቀድማ ብትጎረምስ፣ አንዱ ምክንያት አያቷ ያላገኘችውን ምግብና ክትባት እሷ ማግኘቷ ነው። ስለዚህ «እኔ በ16 ነው ያየሁት፣ ልጄ በ12 አየች» ብለው የሚደነግጡ እናት ካሉ ይረጋጉ። የ12 ዓመቱ ጤናማ ነው፤ የ16ቱን ግን የምግብ እጥረት አዘግይቶት ሊሆን ይችላል።

ጥፋተኛው ማን ነው? የሚጠረጠሩትን አንድ በአንድ

*የፈረንጅ ዶሮና እንቁላል።* በጣም የምጠየቀው ይህንን ነው። እንደ ሳሶና ቦቫንስ ያሉት ዝርያዎች ቶሎ የሚያድጉትና ብዙ እንቁላል የሚጥሉት ለብዙ ትውልድ በተደረገ የዘር ምርጫና በጥሩ መኖ ነው፤ ሆርሞን ተወግተው አይደለም። ልጅዎን እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ «ያስጎረምሳታል» ብለው አይከልክሏት። ከመቶ ልጆች ግማሽ ያህሉ በምግብ እጥረት ቁመታቸው በሚቀጭጭበት ክልል ውስጥ እንቁላል መከልከል ከምንፈራው ነገር የከፋ ጉዳት ያመጣል።

*ውፍረት።* በተለይ በሴት ልጆች ጠንካራ ማስረጃ ያለው ይህ ነው። የሰውነት ስብ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ለአንጎል «በቂ ስንቅ አለ» የሚል መልእክት ያደርሳል። አንጎልም ጉርምስናን ቀድሞ ሊጀምር ይችላል። ይህ በገጠር ብዙም አይታይም። በከተማ ግን ልጅ በባጃጅ ትምህርት ቤት ደርሶ፣ ለስላሳ ጠጥቶ፣ ብስኩትና ቺፕስ በልቶ፣ ማታ ቴሌቪዥን ፊት የሚውልበት ኑሮ እየመጣ ነው። ለስላሳንና የታሸገ ጁስን ለበዓል ብቻ ያድርጉት፤ ቆሎ፣ ድንች፣ ሽሮና ጎመን፣ እንቁላልና ወተት የልጅ ምግብ ናቸው። ልጅዎ በየቀኑ ትሩጥ፣ ትጫወት። ወፍራም ልጅን ግን አያስርቧት፤ አይስደቧትም።

*ፀረ ተባይና ፕላስቲክ።* አንዳንድ ኬሚካሎች በሰውነት ውስጥ የሆርሞንን ሥራ ያስመስላሉ ወይም ያውካሉ። ለብዙ ዓመታት ለወባ መከላከያ በየቤቱ ይረጭ የነበረው ዲዲቲ አንዱ ነው፤ በፕላስቲክ ዕቃዎች ውስጥ የሚገኙት ቢስፌኖልና ታሌት የተባሉትም እንዲሁ ይጠረጠራሉ። ከጉርምስና ጋር ያላቸው ግንኙነት በጥናት እየተፈተሸ ነው፤ ውጤቶቹም እርስ በርስ ይለያያሉ። ስለዚህ «የልጄ ጡት በፌስታል ምክንያት ወጣ» ማለት አይቻልም። ጥንቃቄው ግን በሌላ ምክንያትም ይጠቅማል። የፀረ አረም ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን አጥቦ ለውኃ፣ ለዘይት ወይም ለጠላ መጠቀም ልጅን በአንድ ቀን ሊመርዝ ይችላል። ጎተራ ውስጥ የሚጨመረውን የነቀዝ መድኃኒት ልጆች ከሚተኙበት ቤት ያርቁ። የሚፈላ ሻይና ትኩስ ወጥ በፌስታል ከመያዝ በብረት ወይም በሸክላ ዕቃ መያዝ ይሻላል።

*መድኃኒትና ቅባት።* በቤት ውስጥ ያለ የእርግዝና መከላከያ እንክብል ሕፃን ልጅ ደጋግማ ብትውጠው ጡት ሊያወጣ፣ ደምም ሊያሳይ ይችላል። በሌሎች አገሮች ሆርሞን የያዙ የፀጉርና የቆዳ ቅባቶች በሕፃናት ላይ ተመሳሳይ ነገር እንዳመጡ ተዘግቧል። ይዘቱ ያልተጻፈበት የፀጉር ማሳደጊያ በሕፃን ራስ ላይ አይቀቡ። ልጅዎን ወደ ሐኪም ሲያመጡ በቤት ውስጥ ያለውን ቅባትና እንክብል ሁሉ ይዘው ይምጡ፤ መንስኤው እሱ ሆኖ ከተገኘ ማቆሙ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

*ስልክና ጭንቀት።* በኮቪድ ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በጣሊያን ያሉ የሕፃናት ሐኪሞች ቀድሞ በሚመጣ ጉርምስና ወደ እነሱ የሚላኩ ሴት ልጆች ቁጥር መጨመሩን ዘገቡ። ልጆች ቤት መዋላቸው፣ መወፈራቸው፣ እንቅልፋቸው መዛባቱ፣ ስልክ ማብዛታቸውና ጭንቀት አብረው ተጠርጥረዋል፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ ጥፋተኛ ማድረግ ግን አልተቻለም። በልጅነት የደረሰ መከራና የቤተሰብ መበተን ከወር አበባ መቅደም ጋር እንደሚያያዝ የሚያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ልጆቻችን በፍርሃት ውለው ያድራሉ። ለእንቅልፍ የተወሰነ ሰዓት፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ጨዋታ፣ ከወላጅ ጋር ማውራት፣ እነዚህ ለጉርምስናም ለአእምሮም ይጠቅማሉ።

*በሽታ።* ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም የማይረሳ ነው። የአንጎል እባጭ (ቲዩመር)፣ የማጅራት ገትር ጠባሳ፣ ጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀም ፈሳሽ፣ የእንቁልጢ ወይም ከኩላሊት በላይ ያለችው እጢ ሕመም፣ አልፎ አልፎም የእንቅርት እጢ በጣም መዳከም ጉርምስናን ቀድመው ሊያመጡ ይችላሉ። በሴት ልጆች፣ በተለይ 6 ዓመት ካለፉ፣ ብዙውን ጊዜ በሽታ አይገኝም። በወንዶች ግን ከጀርባው በሽታ የመኖሩ ዕድል ስለሚጨምር ምርመራው አይዘገይም።

ዕድሜዋን በትክክል ያውቃሉ?

በመጀመሪያው ታሪክ ላይ ያለው ትምህርት ይህ ነው። ሙሉው ፍርድ የሚቆመው በ8 እና በ9 ዓመት መስመር ላይ ነው፤ የልደት ቀን ካልታወቀ መስመሩ ይጠፋል። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ዛሬም ብዙ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። አንዳንዱ ወላጅ የሞላውን ዓመት ይቆጥራል፣ ሌላው የያዘውን። «ስምንት ሆናት» ሲባል ሰባት ሞልቷት ስምንተኛውን የያዘች ልጅ ልትሆን ትችላለች።

ይህ ጉዳይ ባሕር ማዶ ያሉትን ልጆቻችንንም ይነካል። ኢትዮጵያ የውጭ አገር ጉዲፈቻን በ2010 ዓ.ም. ከማቆሟ በፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወደ አውሮፓና አሜሪካ ሄደዋል። በስዊድንና በዴንማርክ የተደረጉ ጥናቶች ከድሃ አገሮች በጉዲፈቻ በሄዱ ሴት ልጆች ላይ ያለዕድሜ የሚመጣ ጉርምስና ከአገሬው ልጆች እጅግ በዝቶ አግኝተዋል። አንዱ ማብራሪያ ከእጥረት በኋላ በድንገት የመጣው ጥጋብ የሰውነትን ሰዓት ማፍጠኑ ነው። ሌላው ግን የአንዳንዶቹ ልጆች የልደት ቀን በግምት የተጻፈ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ወደ ጤና ተቋም ሲመጡ ከሚከተሉት ያለዎትን ይዘው ይምጡ፦ የክትባት ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ ወይም የተወለደችበት የጤና ተቋም ወረቀት። ወረቀት ከሌለ ታላቅና ታናሽ እህት ወንድሞቿን፣ የተወለደችበትን በዓልና የእርሻ ወቅት ያስታውሱ፤ ቁጭ ብለን አብረን እናሰላዋለን።

ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ

• ሴት ልጅ ከ8 ዓመት፣ ወንድ ልጅ ከ9 ዓመት በፊት ለውጥ ካሳዩ፤ በተለይ ከ6 ዓመት በታች ከሆነ፣
• ለውጡ በወራት ውስጥ የሚሮጥ ከሆነ፣ ልብስና ጫማ በቶሎ በቶሎ የሚያጥራት ከሆነ፣
• ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የዓይን መፍዘዝ ወይም የሚጥል በሽታ አብሮ ካለ፣
• ጡት ሳይወጣ ከብልት ደም ከታየ።

የመጨረሻውን ልብ ይበሉ። ጡት ያላወጣች ሕፃን ደም ካየች የወር አበባ ነው ብለው አይለፉት። ጉዳት፣ ኢንፌክሽን፣ ወደ ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር ወይም ፆታዊ ጥቃት ሊሆን ይችላል። ልጅቱን ሳይቆጡ፣ ሳያጥቡ፣ በዚያው ቀን ያምጧት። በትልልቅ ሆስፒታሎች ለጥቃት ተጎጂዎች የተዘጋጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ።

ጤና ጣቢያ ላይ ቁመትና ክብደት ተለክቶ የመጀመሪያው ምርመራ ሊደረግ ይችላል። ወደ ሆስፒታል ከተላኩ የግራ እጅ ኤክስሬይ ይነሳል፤ ይህም «የአጥንት ዕድሜ» የሚባለውን፣ ማለትም አጥንቷ ከዕድሜዋ ምን ያህል እንደቀደመ ያሳያል። አልትራሳውንድና የሆርሞን የደም ምርመራም ሊታዘዙ ይችላሉ። የአንጎል ኤምአርአይ ካስፈለገ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ ሊጠይቅ ይችላል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት የሆርሞን ሕክምና ክፍል አለ።

ሁሉም ልጅ መድኃኒት አያስፈልጋትም። ብዙዎቹን በየ3 እና በየ6 ወሩ ቁመታቸውን እየለካን እንከታተላለን። ሕክምና ከተመረጠ በየወሩ ወይም በየ3 ወሩ የሚሰጥ መርፌ ሲሆን ከአንጎል የሚመጣውን ትእዛዝ ለጊዜው ያቆማል። በትክክለኛው ዕድሜ ሲቋረጥ ጉርምስናው ይቀጥላል፤ መካን አያደርግም። ዋጋው ውድ ነው፤ እንደ ልብም አይገኝም፤ ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት ስንት ዓመት እንደሚፈጅና ከየት እንደሚገዛ ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቁ።

ካልታከመ ምን ይሆናል? ቀድማ የጎረመሰች ልጅ መጀመሪያ ከእኩዮቿ ትረዝማለች። ነገር ግን አጥንቷ ቀድሞ ስለሚዘጋ ዕድገቷ ቀድሞ ይቆማል፤ ስታድግ አጭር ልትሆን ትችላለች። ጠበል መውሰድዎን አልቃወምም፤ ይህን መስኮት የሚያሳልፍ መዘግየት ግን እንዳይኖር ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኬዱ።

«ደርሳለች» የሚለው ቃል

አሁን ወደ አያትየዋ ንግግር ልመለስ። በእኛ ባህል የልጅ ዕድሜ የሚለካው ብዙ ጊዜ በወረቀት ሳይሆን በዓይን ነው። ጡት ያጎጠጎጠች ልጅ «ለአቅመ ሔዋን ደረሰች» ትባላለች። ያን ጊዜ ሽማግሌ ይመጣል፤ ወይም ወላጅ «ስም ከሚወጣባት» ብሎ ይቸኩላል። በአንዳንድ ገጠሮች የወር አበባ የሚመጣው ወንድ ያወቀች ልጅ ላይ ነው የሚል እምነት ስላለ ቀድማ ያየች ልጅ ትጠረጠራለች፤ ጨርቋን ትደብቃለች፣ ከትምህርት ትቀራለች። ይህ እምነት ሐሰት ነው። የወር አበባን የሚያመጣው የአንጎል ትእዛዝ ነው፤ ማንም ያልነካት ልጅ በጊዜዋ ታያለች።

በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑ የአማራ ክልል ሴቶች ግማሾቹ 16.2 ዓመት ሳይሞላቸው አግብተዋል። ጉርምስና ቀድሞ ሲመጣና ዕድሜ በዓይን ሲለካ ይህ መስመር ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ቀድሞ የሚመጣ ጉርምስና በደጋችን ሊያደርስ የሚችለው ትልቁ ጉዳት፣ በእኔ ግምት፣ ከሆርሞኑ የሚመጣ አይደለም። የሚመጣው እኛ አዋቂዎች ለሆርሞኑ ከምንሰጠው ትርጉም ነው።

በሕክምና ዓይን ጡት የመንገዱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። የዳሌ አጥንት ከወር አበባ በኋላም ለዓመታት መስፋቱን ይቀጥላል። ሳይሰፋ የሚመጣ ምጥ ይረዝማል፤ የረዘመ ምጥ ፊስቱላ ያመጣል፣ ሕይወትም ይቀጥፋል። በባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል የተከፈተው ይህን ጉዳት ለማከም ነው። አንጎልም የማመዛዘን ሥራው የሚበስለው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። የ9 ዓመት ልጅ የ13 ዓመት ሰውነት ቢኖራትም ሐሳቧ፣ ፍርሃቷና ጨዋታዋ የ9 ዓመት ልጅ ነው።

በሕግም መስመሩ ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሆነ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ነው ይላሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻ የፈጸመውን ሰው ይቀጣል፤ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ቅጣቱ እስከ 7 ዓመት እስራት ይደርሳል። ሕጉ ስለ ጡት አይጠይቅም፤ ስለ ዕድሜ እንጂ።

ልማድ አይለወጥም የሚሉ አሉ። በክልላችን በሞሰቦ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ልጃገረዶች በቡድን ይገናኛሉ፣ የትምህርት ቁሳቁስ ያገኛሉ፣ ማኅበረሰቡ ይወያያል፣ ልጁን ያላዳረ ቤተሰብም የቤት እንስሳ ይሸለማል። ሲጠና ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች ጋብቻ በግልጽ ቀንሶ ተገኘ፤ ትምህርት ቤት የሚሄዱትም በዙ። ለውጡን ያመጡት እንደ እርስዎ ያሉ እናቶች፣ አባቶችና አያቶች ናቸው።

ከልጅዎ ጋር እንዴት ይነጋገሩ?

ለውጡን ሲያዩ አይደንግጡባት፤ በእንግዳ ፊትም አያንሱት። «ሰውነትሽ እያደገ ነው፤ ሁላችንም በዚህ አልፈናል» ይበሏት። 8 ዓመት ያለፋት ልጅ የወር አበባ ምን እንደሆነ ሳይመጣባት በፊት መስማት አለባት፤ ድንገት ደም አይታ «ታመምኩ» ብላ እንዳትፈራ። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሞዴስ፣ መቀየሪያ ቦታና ውኃ ያዘጋጁላት። ማንም ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ሰውነቷን ቢነካት ለእርስዎ እንድትናገርና እንደማይቆጧት ቃል ይግቡላት። መምህሯን አነጋግረው ከማላገጥ እንዲጠብቋት ያድርጉ። ቁመቷ ስለመዘዘ የአዋቂ ሥራ አይጫኑባት።

ቀድሞ የጎረመሰ ወንድ ልጅም ልጅ ነው። ድምፁ ስለጎረነነ ብቻ እንደ ጎልማሳ ከባድ ሸክምና ቁጣ አይገባውም።

ለአያትየዋ ያን ቀን የመለስኩላቸው አጭር ነበር። «እማማ፣ የደረሰችው ለሦስተኛ ክፍል ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ልጅቱም ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። በ6 ወር ለቁመት ልኬት ቀጠርኳቸው፤ በቀጠሮው ቀን የመጡት ሦስቱም ናቸው፤ ልጅቱ ደብተሯን ይዛለች። እርስዎም ጥርጣሬ ካደረብዎ ልጅዎን ይዘው ይምጡ፤ የክትባት ካርዷን አይርሱ።